የጋሽ እርጥበት ሣጥን

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ አርፈዋል። አጠገቡ ባለችው ክብ ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ አለ፤ መተርኮሻው ውስጥ ግማሹ የነደደ ወፍራም ሲጋር ከነነጭ አመዱ ተቀምጧል። እንዲያው ላየው ሰው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲጋሩን ስቦ ስቦ እንቅልፍ ያሸነፈው ሽማግሌ ነው የሚመስለው።

ሐኪሙ ግን ጓንቱን እያወለቀ ራሱን ነቀነቀ። «እንቅልፍ አይደለም። አፍንጫው ውስጥ የትራስ ክር አለ፣ የዓይኑ ነጭም ደም ቋጥሯል። ሰው ነው ያፈነው።»

«መቼ?»

«ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ። ከዚህ በላይ ብታስጨንቂኝም አልናገርም።»

መርማሪዋ አላስጨነቀችውም። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ ስሙን ያወጡላት ደግሞ ወንጀለኞች ሳይሆኑ የገዛ ባልደረቦቿ ናቸው፣ ለሙገሳም አልነበረም። ሌላው ዱቄቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ ገለባውን ታቅፋ ትቀራለች ለማለት ነው። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ሟቹ ዕድሜ ልኩን የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ የኖረ የጥርስ ሐኪም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ዓይኑን አንድ የዝግባ ሣጥን ላይ ጣለ። ሲጋር እንደ ተራ ሲጋራ ኪስ ውስጥ የሚወሸቅ ነገር አይደለም፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮ ይፍቃል፤ ከራሰ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ እሳት አይቀበልም። ጥበቡ መሃሉ ላይ መያዝ ነው። ሽማግሌው ስለ ጥርሱ ሊያማክረው ለመጣ ጎረቤት ሳይቀር ይህንኑ ሲሰብክ ስለኖረ ሰፈሩ «ጋሽ እርጥበት» ብሎ ጠራው፣ እሱም ስሙን ወደደው።

እሁድ እሁድ ሦስት ሰዎች ይመጡለታል፤ የድሮ ወዳጁ ዳኛው፣ ታናሽ ወንድሙና የልጁ ባል። ሲጋሩን ከአንድ እሽግ እኩል ተካፍለው በየቤታቸው ያስቀምጣሉ፣ አቀማመጡ ላይ ግን አራቱም አይስማሙም። የሽማግሌው ልብ ከታመመ ወዲህ እሱ ፊት ማንም አያጨስም፤ ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ ሣጥን ይነታረካሉ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ይሄዳሉ። ያን ዕለትም እንደዚያው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ መድኃኒቱን ይዛ ስትገባ አባቷ ሞቶ አገኘችው።

የመርማሪዋ አለቃ በስልክ ነገሩን ጨርሶታል። «እንግዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ወጥተዋል። ሟቹ ሲጋር የሚያነደው እነሱ ከሄዱ በኋላ እንደሆነ ሦስቱም መስክረዋል። ሲጋሩ ደግሞ ግማሹ አልቋል። ስለዚህ እንግዶቹ ሲወጡ ሰውየው በሕይወት ነበር፤ ቤት ውስጥ የቀረችው ደግሞ ልጅቷ ብቻ ናት። ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«ሲጋሩ።»

«ነገ ከሰዓት በኋላ አስራታለሁ። እስከዚያ ሲጋርሽን መርምሪ።»

የሟች ልጅ መምህርት ናት፤ ባሏን ቤቱ ትታ አባቷን ልታስታምም ከመጣች ሰንብታለች። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች።

«ተቀመጪ እስቲ» አለቻት መርማሪዋ። «አባትሽ ሲጋሩን የለኮሰው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አባዬ ሲጋር አቁሟል።»

«ይኸው መተርኮሻው ላይ አለ እኮ።»

«አይቼዋለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሐኪሙ ልብህ አይችልም ካለው ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን አልለኮሰም። ሣጥኑን ይከፍታል፣ ያሸታል፣ ይዘጋል። በቃ።»

«ጓደኞቹ እኮ እሁድ እሁድ አንድ ያነዳል ይላሉ።»

«እሱ ነው እንደዚያ የሚላቸው። ጋሽ እርጥበት ሲጋር ተከለከለ እንዲባል አልፈለገም። እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።»

«ለባልሽም አልነገርሽ?»

«ለእሱም። አባዬ ‹ለእሱ ከነገርሽ ለሁሉም ነገርሽ› አለኝ።» ትንሽ ፈገግ ልትል ሞከረችና አልሆነላትም።

«ስትገቢ ክፍሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር?»

«አይ።»

«መስኮቱ?»

«ዝግ ነበር። አየሩ ሣጥኔን ያደርቅብኛል እያለ አያስከፍትም።»

መርማሪዋ ትኩር ብላ አየቻት። ሴትዮዋ አሁን የተናገረችው ሁሉ በራሷ ላይ ገመድ የሚጠልፍ ነው። ሦስት ሰዎች «ያጨሳል» ሲሉ እሷ «አቁሟል» ትላለች፤ ሲጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ «ጭስ አልሸተተኝም» ትላለች። ዋሾ ብትሆን «አዎ፣ ሲያጨስ ነበር፣ ልቡ ቀጥ አለ» ማለት እንዴት ይቀላት ነበር! እንዲህ ራሱን የሚጎዳ ቃል የሚናገር ወይ ሞኝ ነው ወይ እውነተኛ፤ ይቺ ደግሞ ሞኝ አትመስልም።

«ባልሽ ብቻውን መክረሙ አልከበደውም?»

«እሱ ነው እንዲያውም ግድ ያለኝ። አባትሽ አንድ ነው፣ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ አለኝ።» ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሣጥኑን ግን እንዳላበላሸሁት እፈራለሁ። የአባዬ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የእርጥበት ስፖንጅ የማርሰው እኔ ነበርኩ። የመለኪያዋን መርፌ ያይና ‹ገና ስልሳ ሁለት ናት፣ ሰባ መግባት አለባት፣ ትንሽ ጨምሪ› ይለኛል። በማግስቱም ያያል፣ ገና ናት ይላል፣ እጨምራለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

መርማሪዋ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ክዳኑ አብጦ አልከፈት አላት፤ በቢላ ፈልቅቃ ከፈተችው። ሲጋሮቹ ሲነኳቸው ይሰምጣሉ፣ የታችኞቹ ሻግተዋል። ክዳኑ ላይ የተለጠፈችው የእርጥበት መለኪያ ግን ስልሳ ሁለት ላይ ቀጥ ብላለች። ነቅላ የሚፈላ ጀበና እንፋሎት ላይ ያዘቻት። መርፌዋ ከስልሳ ሁለት ንቅንቅ አላለችም።

«አንቺስ ከእሱ ቀድመሽ ነው የሞትሽው» አለቻት መርፌዋን።

አንዱን ሲጋር አውጥታ ልትለኩስ ሞከረች። ክብሪት በክብሪት ላይ ጨረሰች፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ተንጨረጨረና ጠፋ፣ አፏ ውስጥ እሬት የመሰለ ምሬት ተወላት። አፏን ተጉመጥምጣ፣ መተርኮሻው ላይ የነበረውን ግማሽ ሲጋር አንድ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከትታ ክዳኑን አጠበቀች።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ዳኛው ቤት ነው።

«አባቴ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። ስንት ዘመን ችሎት ላይ ስቀመጥ እንደዚያ ያለ ግትር ሰው አልገጠመኝም። ቁራጭ ፖም ሣጥኑ ውስጥ ጣል ማድረግ ይበቃል አልኩት። ይሻግታል አለኝ። የታለ የሻገተው? እዪ።»

ሣጥኑን ከፈተላት። ሲጋሮቹ የፍራፍሬ ሱቅ ሸተቱ። አንደኛው ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ ዳኛው አውራ ጣቱን ቶሎ ብሎ አሳረፈበት። መርማሪዋም ያላየች መሰለች።

«ስትወጡ እርስዎ የት ነበሩ?»

«መጸዳጃ ቤት። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የት እገኛለሁ?» አለና ድምፁ ወረደ። «ልጅቷን ልታስሯት ነው አሉ። እጄ ላይ ነው ያደገችው እኮ ልጄ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን።»

«እንዳይሆን ነው የምሮጠው። አንድ ሲጋር ይስጡኝና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሟቹ ቤት ይምጡ።»

ታናሽ ወንድሙ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከአሮጌ ፍሪጅ የሠራውን የሲጋር ቁም ሣጥን እየደባበሰ አሳያት፤ ውስጡ ማራገቢያ አለ፣ ሽቦው ብዙ ነው። «እህቴ፣ እርጥበት የማሽን ሥራ ነው። የሰው እጅ ይረሳል፣ ማሽን አይረሳም።» አንዱን ሲጋር አንስቶ ሲሰጣት ልባስ ቅጠሉ እጁ ላይ ኩርሽም አለ። «ትንሽ ያደርቃል፣ አልክድም» አለ አፍሮ።

«የሟቹን መለኪያ ፈትሸኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? እሱ ማንን ያስነካል! ቀላል ነበር እኮ። እርጥብ ጨውና መለኪያውን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ትዘጊባቸዋለሽ። በማግስቱ ሰባ አምስት ካላለ መለኪያው ዋሽቷል።»

እንግዶቹ ሲወጡ እሱ መኪናውን ከጓሮ እያዞረ ነበር። ይህን ከተናገረ በኋላ መፍቻውን አስቀመጠ። «ወንድሜን ሰሞኑን አንድ ነገር ውስጡን ይበላው ነበር። ‹ልጅን የሚያቃጥል ወሬ ከአባቷ አፍ ብትሰማው ይሻላል ወይስ ከባዕድ?› አለኝ። ምን መጣ ብለው ወሬ ቀየረ። ከሳምንት በፊት ወንዝ ማዶ ወደሚገኘው ሰፈር ለቀብር ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ሲመለስ ነው እንደዚያ የሆነው።»

መርማሪዋ ውጭ ይጠብቃት የነበረውን ምክትሏን የሦስቱን እንግዶች ፎቶ አስይዛ ወንዝ ማዶ ላከችው። በዚያው ጥሩ ጥሩ መለኪያዎች ገዝቶ እንዲመጣም ነገረችው።

የሟች ልጅ ባል ፋርማሲ አለው። መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ከመስመር አልወጣም፤ ነጭ ጋዋኑም እንደዚያው።

«ስፖንጅ ውሃ መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም» አላት፣ አንዲት ጠፍጣፋ የወረቀት ከረጢት እያሳየ። ላይዋ ላይ 65 የሚል ቁጥር ታትሟል። «ውስጧ የጨው ውህድ ነው። አየሩ ሲደርቅ ትሰጣለች፣ ሲርስ ትመጥጣለች። የሰው እጅ አይገባበትም።»

«ለአማትዎ ለምን አልሰጧቸውም?»

«እሳቸው ከስፖንጃቸው ይላቀቃሉ? ለነገሩ ሣጥናቸው ደህና ነው። እሁድም አይቻታለሁ፣ መርፌዋ ስልሳ ሁለት ላይ ነበረች።»

«ስትወጡ ተመልሰው ገብተው ነበር አሉ።»

«ኮቴን ረስቼ። አባታችን ሣጥናቸው አጠገብ ተቀምጠው ክብሪት አቀብለኝ አሉኝ፣ አቀብያቸው ወጣሁ።» አንገቱን ደፋ። «ሚስቴ በጣም ደክሟታል። ሌሊት ቀን ማስታመም ቀላል አይደለም። ሰው ሲደክመው አንዳንዴ... እኔ ምንም አልልም።»

«ካሉ በኋላ ነው ምንም አልልም የሚሉት» አለች መርማሪዋ፣ እና አንድ ሲጋር ተቀብላው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሟቹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ዳኛው ከዘራውን ታቅፎ ተቀምጧል፣ ወንድምየው መስኮቱ ሥር ቆሟል፣ መምህርቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዟል። አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጠረጴዛው ላይ አራት የተዘጉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሲጋርና አንድ መለኪያ አለ።

«ረጅም ንግግር አልችልበትም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሟቹ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በሕይወት ነበር ያሰኘን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ግማሽ ሲጋር። እሱን ካነሳንላት በልጅቷ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሦስታችሁም እሁድ እሁድ አንድ ያነዳል ብላችኋል። ሲያነድ በዓይኑ ያየ አለ?»

«እሱ ነው የነገረን» አለ ዳኛው።

«ኩራት ነው። ካቆመ ቆይቷል፣ የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት። መጀመሪያ እኔም ማመን ከብዶኝ ነበር፤ ሣጥኑን ስከፍት ግን አመንኳት። መለኪያው ተበላሽቶ ስልሳ ሁለት ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ደረቀብኝ እያለ ውሃ ሲያስጨምር ሲጋሮቹ ረግረግ ሆነዋል። ከዚያ ውስጥ አንዱን ያነደደ ሰው ቢኖር የሲጋር ሱስ ለዘላለም ይለቀዋል። ሽማግሌው በእርግጥ እያጨሰ ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ መበላሸቱን በመጀመሪያው እሁድ ያውቅ ነበር።»

«ስለዚህ መተርኮሻው ላይ ያለው...» አለ ወንድምየው።

«ከዚህ ሣጥን አልወጣም። እኩል ነዷል፣ አመዱ ነጭ ነው፣ ልባሱ ደህና ነው። እዚህ ክፍል ውስጥም አልተጨሰም፤ መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ትናንት ስመጣ ግን መጋረጃው ጭስ አይሸትም ነበር። ሌላ ቦታ ግማሹን አጭሶ፣ አመዱን ጭምር ሰብስቦ ይዞ የመጣ ሰው አለ። የእናንተ ሲጋር ከአንድ እሽግ የወጣ ስለሆነ ማን ይለየዋል ብሏል። እሽጉ አንድ ቢሆንም አኗኗሩ ግን አንድ አይደለም። ሲጋር የኖረበትን ሣጥን አየር ይዞ ይዞራል።»

የመጀመሪያውን ጠርሙስ አነሳች። «የአባታችን የዳኛው፤ ሰባ አራት። መለኪያ ባይኖርም በፖሙ ሽታ ይታወቃል። የወንድምየው፤ ሃምሳ አራት፣ ሊለኩሱት ሲሉ ይሰባበራል። ትናንት ከመተርኮሻው ያነሳሁት፤ ስልሳ አምስት።» አራተኛውን ጠርሙስ ባልየው ፊት አስቀመጠችው። «ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው። እርስዎ ያንብቡልን።»

ባልየው አላነበበም። የሚስቱን እጅ ለቀቀ።

«ስልሳ አምስት» አለ ዳኛው፣ መነጽሩን አስተካክሎ።

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ባልየው። «በመርፌ ሰው ይከሰሳል?»

«በመርፌ ብቻማ አይከሰስም። ዛሬ ጠዋት አማትዎ ክብሪት አቀብለኝ አሉኝ ብለውኛል። ካቆመ የከረመ ሰው በክብሪት ምን ይሠራል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኮትዎን የረሱትም ለመመለስ ነው፤ ይህን ይዘው የገቡት በውስጥ ኪሱ ነበር። ምክትሌ ዛሬ ወንዝ ማዶ ሄዶ ነበር። እዚያ አንዲት ሴት አለች፣ መራመድ የጀመረ ሕፃንም አለ። የእርስዎን ፎቶ ሲያሳያት ‹ባለቤቴ ነው፣ ምን ሆነ?› ነው ያለችው። ሟቹ ቀብር ሄዶ ሕፃኑን ታቅፈህ አይቶሃል።» እዚህ ላይ «እርስዎ» ማለቷን ተወች። «ንገራት አለህ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለህ። አይደለም?»

ባልየው የተናገረው ወደ መርማሪዋ ሳይሆን ወደ ሚስቱ ዞሮ ነው።

«አንድ ሳምንት ነው የሰጡኝ። አፌን ልከፍት እልና አንቺን ሳይ አልችል እላለሁ። ልባቸው ደካማ ነው፣ ሲጋሩን እያጨሱ ልባቸው ቀጥ አለ ይባላል ብዬ ነው። ትራሱን ሰው ያየዋል አላልኩም። በአንቺ ላይ ይመጣል ብዬ በእግዚአብሔር ስም አላሰብኩም።»

«ትናንት አላሰብክ ይሆናል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ግን ፋርማሲህ ውስጥ ቆመህ ደክሟታል፣ ሰው ሲደክመው እያልክ አስበህበታል።»

መምህርቷ እስካሁን አላለቀሰችም። ባሏን እንደማታውቀው ሰው ትክ ብላ አየችው።

«አመዱን ሳይቀር አስበህ ይዘህ መጣህ» አለችው። «እኔን ግን አላሰብከኝም።»

አለቃው ለልጅቷ ያመጣውን ካቴና ለባልየው አጠለቀለትና ይዞት ወጣ፤ ይቅርታ ማለት የሚባል ነገር ትዝም አላለው። ወንድምየው ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደግፎ ቀረ። ዳኛው መምህርቷን አቅፎ ሊያጽናናት ሞከረ፣ ሆኖም ራሱ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረና እሷው አባበለችው።

መርማሪዋ ጠርሙሶቿን እየሰበሰበች ቆየች። ሥራዋ አልቋል፣ እግሯ ግን አልሄድ አላት።

«ሣጥኑን አበላሸሁት ስትዪ ነበር» አለቻት። «በየቀኑ ውሃ ባትጨምሪበት ኖሮ ሲጋሮቹ ደህና ይሆኑ ነበር፤ እኔም አንቺን ላምንሽ አልችልም ነበር።»

«አባዬ ባይዋሽ ኖሮስ?» አለች መምህርቷ። «ሲጋር አቆምኩ ብሎ ለሰዎቹ ቢናገር እኮ ያኛውም ያንን ግማሽ ሲጋር ይዞ አይመጣም ነበር።»

መርማሪዋ ልትመልስ ፈለገች። «ሌላ ዘዴ ይፈልግ ነበር» ማለት እውነት ነው፣ ግን ምን ይጠቅማታል? ዋጠችው።

«ዛሬ ብቻሽን አትደሪ። የምትጠሪው ሰው አለሽ?»

መምህርቷ ስልኳን አወጣች። አውራ ጣቷ ከልማዱ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገና ቆመ። ስክሪኑ ላይ የባሏ ስም በርቷል።

«ክፉ ነገር ሲገጥመኝ ሁልጊዜ የምደውለው ለእሱ ነው» አለች።